አዎ፣ እማማ ጥሩዬ በሁዳዴ አሳ ቀቅለዋል

ዛሬ ጠዋት ጣና ዳር ባጃጄ ውስጥ ተሳፋሪ እየጠበቅሁ ሳለ ተደወለልኝና «እማማ ጥሩዬ አረፉ» አሉኝ። ውሸታችሁን ነው ብዬ ስልኩን ዘጋሁት።

ትናንት እኮ ድንች እየላጡ «ዘገየህ፣ ምናገባቸው ራበው» ብለው ተቆጥተውኛል። አሳውን የማመጣላቸው እኔ ነኝ። ማታ የተቆጣኝ ሰው እንዴት ጠዋት ሞተ ይባላል?

ለማታውቋቸው፦ እማማ ጥሩዬ ጎረቤቴ ናቸው። የመሪጌታ ሚስት ነበሩ፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ምናገባቸው ደግሞ ውሻቸው ነው። ስሙን ያወጡለት ራሳቸው ናቸው፤ ለማን እንደሆነ ሰፈሩ ያውቃል።

ከጠዋት ጀምሮ ፌስቡኩን የሞላው «ደጓ እናታችን» የሚል ነው። ደግ ነበሩ፣ እውነት ነው። ግን ይኼን ከሚጽፉት መሀል ባለፈው ሁዳዴ «ጾም ገደፈች» እያሉ ስማቸውን ሲያነሱ ሲጥሉ የከረሙ አሉ። ስለዚህ እኔም የማውቀውን እጽፋለሁ። የከፋው ይክፋው።

ምናገባቸው ከገበያ ተከትሏቸው የመጣ ውሻ ነው። ያኔ አጥንቱ ይቆጠር ነበር። ጀርባው ተመልጧል፤ ደም እስኪወጣው ራሱን ሲያክ ይውላል፣ ሲያክ ያድራል። ጎረቤቱ ሁሉ ልጆቻችንን እከክ ያስይዝብናል፣ ይወገድ አለ። መርዝ ይጣልለት ያለም ነበር። እማማ ነጠላቸውን አደግድገው ውሻውን ባጃጄ ላይ ጫኑትና ሐኪም ጋ ንዳ አሉኝ። ወንበሬን ያቆሽሸዋል ብል «ታጥበዋለህ» አሉኝ፣ አለቀ።

የእንስሳት ሐኪሙ ቆዳውን ፍቆ መረመረና እከክ አይደለም አለ። የትል መድኃኒት ሰጠው። ማሳከኩ ከሚበላው ነገር ሊሆን ስለሚችል፣ በልቶት የማያውቀውን አንድ ዓይነት ሥጋ ከአንድ ዓይነት ምግብ ጋር ብቻ ቀቅላችሁ አብሉት አለን። ያለ ጨው፣ ያለ በርበሬ፣ ያለ ሽንኩርት፣ ያለ ዘይት። በጣም ስለከሳ ደግሞ ትንሽ ትንሹን፣ ቶሎ ቶሎ። ለሳምንታት ሌላ ነገር አፉ እንዳይገባ፤ አንድ ጉርሻ ከቀመሰ ልፋታችሁ ገደል ገባ ማለት ነው አለ። እኛ ሰፈር ውሻ የሚበላው የወጥ ትራፊ ነው፣ አሳ የሚሰጠው የለም። ስለዚህ አሳና የቆጋ መስኖ ድንች ሆነ።

ሁዳዴ የገባው በዚያው ሳምንት ነው።

እስቲ አስቡት። የመሪጌታ ሚስት፣ በዐቢይ ጾም፣ ጓሯቸው ውስጥ በየቀኑ አሳ ይቀቅላሉ። ያውም አምባዛ። ሽታውን አጥር አያግደው። እሳቸው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ አይቀምሱም፤ ግን እንፋሎቱ ላይ ጎንበስ ብለው አጥንቱን በጣታቸው እየዳሰሱ ይለቅሙለታል። ዓይናቸው ደክሞ ነበር፣ ጣታቸውን ነው የሚያምኑት።

የማኅበራቸው ሴቶች ተሰብስበው መጡ። ይኼ ነገር ካልቀረ ከቤታቸው እህል ውሃ እንደማይቀምሱ፣ የማኅበር ተራቸውም እንደሚታለፍ ነገሯቸው። እማማ ልጅ የላቸውም። ሲያማቸው የሚጠይቃቸው፣ በዓል ሲሆን ቤታቸውን የሚሞላው ያ ማኅበር ነው። እኔ አሳ ይዤ አጥሩ ሥር ቆሜ ነበር፤ ፊታቸው ልውጥ ሲል አየሁ። በቃ ሊተዉት ነው ብዬ ነበር። ቀና አሉና፦

«የምጾመው እኔ ነኝ። እሱ ክርስትና አልተነሣ» አሏቸው።

ከዚያ በኋላ ለጠየቀ ሁሉ መልሳቸው ይቺው ነበረች። የንስሐ አባታቸውም ወሬው ደርሷቸው መጡ፤ ቀምሰሽው እንደሆን ተናገሪ አሏቸው። ጨው የሌለው አሳ ምኑ ይቀመሳል አባ፣ ብለው መለሱ። አባ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው፣ ድስቱን ለዪው ብለው ባርከው ሄዱ። ድስቱ ድሮም የተለየ ነበር። ማኅበሩ ግን አልተመለሰም። ያን ፋሲካ የዋሉት ከእኔና ከውሻው ጋር ነው።

በዚያው በፋሲካ ማግስት አንዱ አዝኜ ብሎ የበሬ አጥንት በአጥር ወረወረለት። መዳን የጀመረው ጀርባ መልሶ ደማ። እማማ መንገድ ላይ ወጥተው፣ የምታዝኑለት ከሆነ እጃችሁን ሰብስቡልኝ ብለው ሰፈሩን ሁሉ ተቆጡ። ከዚያ ገቡና ድንቹን ጣዱ። እንደገና ከመጀመሪያው።

ክረምቱ ሲወጣ ምናገባቸው ጎኑ ሞልቶ፣ ጠጉሩ አብረቅርቆ ነበር። ይወገድ ካሉት ሰዎች አንዱ ምን አበላችሁት ብሎ ጠየቀኝ። አሳ አልሁት። በሁዳዴ።

ይኸው አሁን እነዚያው ሴቶች ቤታቸው ገብተው ንፍሮ ይቀቅላሉ። ይምጡ፣ ሐዘን ነው፣ አላባርርም። ግን ለቅሶ ብዬ ስገባ፣ ገና ሳልቀመጥ ምን አሉኝ መሰላችሁ? ነገ ቃሬዛውን ተከትሎ እንዳያዋርደን ውሻውን እሰረው።

እማማ፣ አላሰርሁትም። አላስረውምም።

ነገ ከኋላዎ ይሄዳል፣ ከማንም እኩል። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውሻ እንደማይገባ አውቃለሁ፤ እርስዎም ቢሆኑ አያስገቡትም ነበር። በሩ ላይ ይዤው እቆማለሁ። አፈር ሲለብሱ አላይዎትም ማለት ነው። ይቆጨኛል፣ አልዋሽዎትም፣ አሁን ስጽፈው ራሱ እያለቀስሁ ነው። ግን እርስዎን ቀብሮ የሚመለሰው ሰው ሁሉ በዚያ በር ሲወጣ እሱን ቆሞ ያየዋል። ይየው።

ከቀባሪው መሀል ካጡኝ አይቀየሙኝ። ውጭ ነኝ፣ ከእሱ ጋር። አብልቼው ነው የምመጣው።

ይሂዱ እማማ። እኛ አለን።