ሁለቴ የተሠራው የቀን መቁጠሪያ

ረፊቃ ኸሊፋ መተማ ዮሐንስ ውስጥ የአባቷን የልብስ ሱቅ ትጠብቃለች። ጎንደር ኮምፒውተር ስትማር ቆይታ፣ ሦስተኛው ዓመት ላይ አባቷ ሐጂ ኸሊፋ ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ሲላቸው አቋርጣ ተመለሰች። ከሱዳን የመጣው ቶብ፣ ሴቶች የሚጎናጸፉት ረጅም ጨርቅ፣ በየቀለሙ ከተደረደረበት መደርደሪያ ሥር አሮጌ ላፕቶፕ አላት። ገዢ ሲመጣ ትዘጋዋለች፣ ሲሄድ ትከፍተዋለች።

በሰኔ መጨረሻ፣ ለሰሊጥ አረም ከጎጃም የወረዱ ታንጉ የሚባሉ ጎልማሳ ከክሊኒክ የተሰጣቸውን የቀጠሮ ካርድ ይዘው ገቡ። የአሸዋ ዝንብ የምታስተላልፈውን የካላዛር በሽታ መርፌ ጨርሰው ለምርመራ ተመለሱ የተባሉ ሰው ናቸው።

«አንች ልጅ፣ እስቲ እይልኝ። ጓደኞቼ መጋቢት ዐሥር ነው አሉኝ። እንግዲያማ አገሬ ገብቼ ብመለስ ይሻለኛል።»

ካርዱ «10/07» ይላል። ረፊቃ ደነገጠች። ካርዱ የታተመበት ቀን በፈረንጁ ዓመት ነበር፤ ያተመው የክሊኒኩ የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚያውቀው የፈረንጁን አቆጣጠር ብቻ ነው፤ ቀኑ ሐምሌ ሦስት ነበር።

«አባቴ፣ መጋቢት አይደለም። የዛሬ አምስት ቀን ነው። እንዳይሄዱ!»

ሰውየው ካርዱን አገላብጠው አዩት። «ሄጄልሽ ነበርኮ» አሉ ቀስ ብለው።

ከሄዱ በኋላ ነገሩ ከሆዷ አልወጣ አለ። ስለ ፕሮግራሙ ስታጠያይቅ፣ በየአገሩ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ያለ ክፍያ የሚሠሩት፣ ማንም ወስዶ ሊያርመው የሚችል ሆኖ አገኘችው። በድረ ገጹ ላይ የሚጎድለው ሥራ ሁሉ ተዘርዝሯል። «የኢትዮጵያ የቀን አቆጣጠር ይግባ» የሚለው ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያው ተቀምጧል። ሥራ የሚጀምር ሰው ከሥሩ «ይሄን እኔ ይዤዋለሁ» ብሎ የሚጽፍበት ቦታ ባዶ ነው።

ረፊቃም አልጻፈችም። ጣቷን ቁልፉ ላይ አድርጋ ቆይታ ተወችው። ብትጽፍና ባይሆንላትስ? ትምህርት ያቋረጠች ልጅ፣ ይሄንንም ጀምራ ተወችው ሊባል ነው። ሲያልቅ ልላከው ብላ በዝምታ ጀመረች።

ስድስት ሳምንት ፈጀባት። ሙቀቱ ሰው ከቤት በማያስወጣበት ቀትር፣ ገበያው ቀዝቀዝ ሲል፣ ትጽፋለች፣ ታፈርሳለች። ጳጉሜ አስቸገረቻት፤ አንዴ አምስት፣ አንዴ ስድስት ትሆናለች። በመጨረሻ ግን ረፊቃ አሸነፈቻት። ነሐሴ አጋማሽ ላይ ሥራዋን ልትልክ ገጹን ከፈተች።

ሌላ ሰው ሠርቶት፣ ከሦስት ቀን በፊት ተቀባይነት አግኝቷል። ስሙ ደምለው ይባላል። የሚኖርበትን ቦታ ስታይ ዓይኗን ማመን አቃታት፤ ኮኪት ይላል። በመኪና ብትነሳ ወዲያው የምትደርስባት፣ የጎረቤት ከተማ ኮኪት!

ላፕቶፑን ዘጋችው። ሦስት ቀን አልከፈተችውም። በአራተኛው ቀን ሐጂ ኸሊፋ ከሱቁ በር ላይ ካለው ወንበራቸው ሆነው ጠሯት።

«ረፊቂ፣ ምን ሆነሻል?»

ነገረቻቸው። አፋቸው ከሕመሙ ወዲህ ይዘገያል፤ እሷ ግን ቃሉ እስኪወጣ መጠበቅ ለምዳለች።

«እየሠራሁት ነው ብለሻቸው ነበር?»

«አላልኩም፣ አባ።»

«ለምን?»

«ባይሆንልኝስ ብዬ ነዋ። ደግሞ ሁለተኛ አቋረጠች እንዳልባል።»

ሐጂ ኸሊፋ በደህናው እጃቸው እጇን ያዙ።

«እኔን ልታስታምሚ መጥተሽ… እንደ ጥፋት ቆጥረሽው ኖሯል እስከዛሬ?»

ረፊቃ አለቀሰች። አባቷም እጇን ሳይለቁ፣ መንገዱን እያዩ፣ እስኪወጣላት ጠበቋት።

በማግስቱ ለደምለው ጻፈችለት። ዕድሜውን ስላላወቀች «ጤና ይስጥልኝ፣ እርስዎ የሠሩትን እኔም ሠርቼው ነበር» ብላ ጀምራ ሱቃቸው መተማ ዮሐንስ የት እንደሚገኝ ነገረችው። ቅዳሜ ረፋዱ ላይ አንድ ቀጭን ወጣት ከባጃጅ ወርዶ ሱቁ በር ላይ ቆመ።

«እርስዎ የተባልኩት እኔ ነኝ» አለ እየሳቀ።

ኮኪት ውስጥ ደም መርምሮ ወባ የሚለይ የላብራቶሪ ባለሙያ ነው፤ የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍን ግን ራሱ አንብቦ የተማረው ነው። እሱም ዝርዝሩ ላይ አልጻፈም።

«የላብራቶሪ ሰው ምን አውቆ ይባላል ብዬ» አላት። «እንዲህ አጠገቤ መሆንሽን ባውቅ ግማሹን ትሠሪልኝ ነበር።»

«ግማሹን አንተ ትሠራልኝ ነበር!»

ሁለቱን ሥራ ጎን ለጎን ከፈቱ። የእሱ አጭርና ንጹሕ ነው፤ ረፊቃ ቀናች። ወደ መጨረሻው ሲደርሱ ግን ጣቷን አሳረፈች።

«ጳጉሜ ስድስት የለህም።»

ደምለው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «ወይ ዘመነ ሉቃስ! በየአራት ዓመቱ መምጣቱን ረስቼው!»

የእሷን ክፍል ከእሱ ጋር አጋጥመው በሁለቱም ስም ላኩት። ከዚያም ሐጂ ኸሊፋ ባስመጡላቸው ቀዝቃዛ የከርከዴ አበባ መጠጥ እየተበረታቱ፣ ከእነሱ በኋላ ለሚመጡ አንድ ገጽ መመሪያ በአማርኛ ጻፉ። ሥራ ከመጀመርህ በፊት ማን እንደያዘው እይ፤ ማንም ካልያዘው ስምህን ጻፍ ይላል። የመጨረሻውን አንቀጽ የጻፈችው ረፊቃ ናት፦ «ካልሆነልህ ተናገርና ልቀቀው። ለሌላው መንገድ ከፈትክ እንጂ አላፈርክም።»

ዛሬ በዚያ ገጽ አዲስ ሰው ሲመጣ የምትቀበለው እሷ ናት። ባለፈው ወር አይናዲስ የምትባል የሳንጃ ልጅ የመድኃኒት አወሳሰድ ማብራሪያውን ልተርጉም ብላ ያዘች፤ በሁለት ሳምንቷ «ይቅርታ፣ ከበደኝ» ብላ ጻፈች። ረፊቃ ወዲያው መለሰችላት፦ «ስለነገርሽን ደስ ብሎናል። እስከደረስሽበት ያለውን ላኪልን፤ ደምለው ከዚያ ይቀጥላል። አንች ደግሞ የክትባቱን ካርድ ሞክሪው፣ አጠር ይላል።»

ሐጂ ኸሊፋ ስለ ኮምፒውተር የሚያውቁት ነገር የለም። ቢሆንም ሱቁ ሲከፈት በየቀኑ ይጠይቋታል።

«ዛሬ ማን ምን ያዘ?»

ስም በስም ትነግራቸዋለች።

«የሳንጃዋ ልጅስ?»

«የክትባት ካርዱን ይዛለች፣ አባ። ገና ነች።»

«ግድ የለም» ይላሉ፣ ቃሉን ቀስ ብለው እያወጡ። «ትድረስበት።»