የአሥራ አንዱ ሕሙማን እራት

ማይሙና ድሬዳዋ ተወልዳ፣ በጅቡቲ ከተማ ካርቲየ 4 በሚባለው ሰፈር ትንሽ ምግብ ቤት ስታስተዳድር የቆየች ሴት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2001 እኔ የሕሙማንን መዝገብ በምይዝበት ሆስፒታል በወጥ ቤት ሠራተኝነት ተቀጠረች። ያረፈችው ባለፈው መጋቢት ነው። በሥራ ማኅደሯ ውስጥ የሚገኘው ነገር እውነት ስላልሆነ፣ የሆነውን እዚህ አሰፍራለሁ።

በጅቡቲ ቀኑን ለሁለት የሚከፍለው ጫት ነው። ከቀትር በኋላ ሰባት ሰዓት ላይ ሲደርስ ቢሮ ይዘጋል፣ ሰውም ይበተናል። የሆስፒታሉ ወጥ ቤትም ከዚህ የተለየ አልነበረም። ስለዚህ እራቱ ከምሳው ጋር ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ይበስልና ተከድኖ እስከ ምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ይቀመጣል። ሐምሌ ሲሆን በዚያ ሙቀት ስምንት ሰዓት ሙሉ! ይህን በጽሑፍ ያዘዘ የለም፤ በጽሑፍ የከለከለም የለም።

ማይሙና በገባች በሁለተኛው ሳምንት እምቢ አለች። ሌሎቹ ሲሄዱ እሷ ትቀርና አሥር ሰዓት ላይ ብቻዋን እሳት ለኩሳ እራቱን እንደ አዲስ ትሠራለች፤ ለስኳር ሕሙማን ለብቻ፣ ጨው ለተከለከሉት ለብቻ። የአልጋ ቁጥራቸውን ልትወስድ በየቀኑ እኔ ዘንድ ትመጣ ነበር። ጽሑፌ ካልተነበበላት ታስደግመኛለች። የወጥ ቤቱ ኃላፊ ዓብዱረዛቅ ግን ይስቅባታል።

«ሩዝ እኮ ነው ማይሙና፤ ሕፃን አይደለም። ብቻውን ቢተዉት አያለቅስም።»

«እሱ ባያለቅስ የበላው ያለቅሳል» አለችው።

ስድስት ዓመት እንዲህ አለፈ። አንድ ሴት ብትታመም ወይም ብትሄድ የሕሙማኑ እራት ምን እንደሚሆን የጠየቀ አልነበረም። አንድ ሰው ሲኖር የሚኖር፣ ሲሄድ የሚሄድ ነገር ደንብ አይባልም፤ ዕድል ነው።

በ2007 ሐምሌ እህቷ ድሬዳዋ ሞተች። ዓብዱረዛቅ በቃል ፈቀደላትና ለአራት ቀን ሄደች። በሥራ ተራ ወረቀቱ ላይ የእራቱ ሥራ በስሟ እንደተጻፈ ቀረ። በመጀመሪያው ቀን እራቱ እንደ ድሮው ከምሳው ጋር ተሠራ። በማግሥቱ ጠዋት አሥራ አንድ ሕሙማን ያስመልሳቸው፣ ያስቀምጣቸው ነበር። ከእነሱ አንዱ ጉታ ይባላል፤ ዕድሜው አሥራ ዘጠኝ ነው። ወደ የመን ሊሻገር በእግሩ ወደ ኦቦክ ወደብ ሲጓዝ ሐሩር ጥሎት የመጣ ልጅ ነበር። ድኖ ሊወጣ ሁለት ቀን ሲቀረው ሞተ።

ምርመራው በሦስት ቀን አለቀ። መንስኤው «ጠያቂዎች ከውጭ ያስገቡት ምግብ» ነው ተባለ። ከቤት ምግብ ማምጣት መከልከሉም በር ላይ ተለጠፈ።

ማይሙና ስትመለስ ማስታወቂያውን አይታ በቀጥታ እኔ ዘንድ መጣች። የአሥራ አንዱን ቅጽ አወጣሁላት። በእያንዳንዱ ቅጽ ላይ የቅርብ ዘመድ ስም የሚሞላበት መስመር አለ። በአሥራ አንዱም ላይ ባዶ ነበር። ሁሉም መንገደኞች ናቸው። የከተማው ሕሙማን ከየቤታቸው በሳህን ስለሚመጣላቸው የሆስፒታሉን እራት አይነኩም፤ የተረፉትም ለዚህ ነው። ጠያቂ የሌላቸውን ሰዎች ጠያቂ በከላቸው ብለን ጽፈን ነበር።

«ታዲያ ማን ነው ያመጣላቸው?» አለችኝ።

ቅጾቹን ይዘን ዳይሬክተሩ ዘንድ ገባን። አንድ በአንድ አነበቧቸው። ከዚያም ጥፋቱ የወጥ ቤቱ ከሆነ ተጠያቂ ሊኖር እንደሚገባ፣ በተራ ወረቀቱ ላይ ያለው ስም ደግሞ የእሷ መሆኑን ነገሩን። የፈቃድ ወረቀት ጠየቁ፤ የለም። ዓብዱረዛቅ ተጠራ። ፈቃድ መስጠቱን እንደማያስታውስ ጫማውን እያየ ተናገረ። እኔ ልናገር ስል ማይሙና ክንዴን ያዘችኝ።

«የእኔን ስም ይጻፉ» አለቻቸው። «ምክንያቱን ግን እንደሆነው ይጻፉት። እራት ከአሥር ሰዓት በፊት አይሠራም ብለውም ይፈርሙ። ያ ሳይፈረም ስሜን አልሰጥም።»

ፈረሙ። ያ ማስታወቂያም ከበሩ ተነሣ። እሷ ወደ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ተዛወረች፤ እስክትሞትም እዚያው ሠራች። ዓብዱረዛቅ በኃላፊነቱ ቆይቶ በክብር ጡረታ ወጣ።

የተዛወረችበት ደብዳቤ «ረፋድ የሠራችውን እራት በሙቀት በማቆየት፣ በቸልተኝነት ሕሙማንን ለጉዳት ዳርጋለች» ይላል። ማኅደሯ ውስጥ ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ ቁጥር ሰጥቼ፣ ቀን ጽፌ፣ ሳላዛንፍ። ከሞተች በኋላ ልጇ ሱሪያ የእናቷን የሥራ ምስክር ወረቀት ብትጠይቅ ይህንኑ ቃል ገልብጠው ሰጧት። እንዲታረም አመለከትሁ። የተፈረመ ሰነድ አይነካም አሉኝ።

ደንቡ ግን እስከ ዛሬ ይሠራል። አዲሶቹ ወጥ ሠሪዎች አሥር ሰዓት ላይ በዚያ ሐሩር እሳት ሲለኩሱ ያጉረመርማሉ። ይህ ጣጣ የመጣብን ማይሙና የምትባል አንዲት ሴት በሽተኞችን በምግብ ስለፈጀች ነው ይላሉ። አንዳቸውም አያውቋትም። የሚያውቁት እኔ ያስቀመጥሁትን ወረቀት ነው።