የቄስ አረጋ ገንፎ

ከጎረቤት የሚያርር ገንፎ ሲሸተኝ ደስ ይለኛል። ሰው ቢሰማኝ ይስቅብኛል፤ ግን ያ ሽታ በአፍንጫዬ በገባ ቁጥር አባቴ ቀሚሱ ላይ አመድ ተነስንሶበት፣ ጥምጥሙ ወደ ጆሮው ዘንበል ብሎ፣ በአንድ እጁ መስቀል በሌላው ማማሰያ ይዞ ከጓዳችን ብቅ ሲል ይታየኛል።

እናታችን ያረፈችው በጃንሆይ ዘመን፣ በአንድ ሰኔ፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል ነበር። ቤታችን ከሰቆጣ ወጣ ብሎ፣ አባባ ከሚቀድስበት ደብር ግርጌ ነበረ። ወንድሜ ካሳ አሥር ዓመቱ ነበር፣ እኔ ስድስት፣ ታናሻችን ለምለም ገና ሦስት። ቄስ ሁለተኛ ሚስት ካገባ ክህነቱ ስለሚፈርስ አባባ ማግባት አይችልም፤ ቄስ ጓዳ ገብቶ ወጥ ሲያማስል ደግሞ በዚያ አገር ታይቶ አይታወቅም ነበር። ስለዚህ በአርባዋ ዕለት የአባባ ታላቅ እኅት፣ አክስቴ ዝማም፣ ከእኛው አገር ቆላ፣ ከዝቋላ መጥታ፣ ሰው እስኪበተን ጠብቃ ፍርዷን ሰጠች።

«ካሳን አጎቱ ይወስደዋል፣ ሴቶቹን እኔ አሳድጋለሁ። አንተ ቅዳሴህን ቀድስ።»

አባባ መሬት መሬት እያየ፣ «እትዬ፣ እስከ ፋሲካ ይታገሡኝ» አላት። «ያን ጊዜ ከስተው ካገኟቸው ይውሰዷቸው።»

ከዚያ ዕለት ጀምሮ መክሳት ከጅብ ይልቅ ያስፈራኝ ጀመር። ሳይርበኝም እበላ ነበር። በየእሑዱ የለምለምን ክንድ በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ ከብቤ እለካና፣ ጣቶቼ ካልተገናኙ ደስ ብሎኝ እውል ነበር።

አባባ ጨርሶ ጓዳ የማያውቅ ሰው አልነበረም። በልጅነቱ ቅኔ ቤት ሲማር፣ እንደ ማንኛውም የአብነት ተማሪ፣ ለምኖ ያመጣውን እህል ራሱ ፈጭቶ ራሱ ቀቅሎ ነበር የሚያድረው። ከዚያ ወዲህ ግን ብዙ ዓመት አልፎ ነበርና የመጀመሪያው ገንፎ አረረ፣ ሁለተኛው ጓጎለ፣ ሦስተኛውን ካሳ «ይበላል» ብሎ መሰከረለት። እንጀራ ግን እስከ መጨረሻው እምቢ አለው። እናም ቤታችን እንጀራ የሌለበት ቤት ሆነ፤ ጎረቤቶችም ከንፈር እየመጠጡ ይህንኑ ያወሩ ነበር።

ክረምቱን ሙሉ ጓሮ ለጓሮ ስንርመሰመስ ከረምን። አባባ ከካቡ ሥር ጎመን፣ ዱባ፣ ነጭ ሽንኩርትና ሰናፍጭ ተከለ፤ ፍጉንና የምድጃውን አመድ እያሸከመን አፈሩን አጠገበው፣ የዕቃ እጣቢ እንኳ ከዱባው ሥር በቀር ሌላ ቦታ እንዳንደፋ ከለከለን። ማሳው ላይ ገብስ፣ ባቄላና ጥቂት ሱፍ ነበረን። መስከረም ጠብቶ ባቄላው እሸት ሲይዝ ከነልጣጩ ተቀቅሎ ይቀርብልን ነበር፤ ጥቅምት ላይ ዱባው ደረሰ፣ ጎመኑም በቀጠፍነው ቁጥር እየፈላ አስቸገረን። ከገበያ የምንገዛው ጨውና በርበሬ ብቻ ነበር።

ገብሱ ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ ጎተራ ከገባ በኋላ ወፍጮው ሥራ አላጣም። በቤታችን ሰዓት የሚባል ነገር ስላልነበረ አባባ ሁሉንም በጸሎት ይለካ ነበር። ወፍጮው ላይ ተንበርክኮ፣ ዳዊት በቃሉ እየደገመ ይፈጫል፤ ሃያ መዝሙር ለገንፎ፣ ሠላሳ ለቂጣ። ጎመን የጠዋቱ ጸሎት እስኪያልቅ ይንተከተካል። የባቄላ ንፍሮ የካሳ ድርሻ ነበር፤ ገና መድገም እየተማረ ስለነበር እሳቱ አጠገብ ተቀምጦ ጮክ ብሎ ይደግማል። ልጅ ነውና ጨዋታ ሲያምረው ይዘላል። አባባ አንዲት ባቄላ ነክሶ «ካሳ፣ ከአምሳኛው ወደ ስድሳኛው ዘለሃል» ይለው ነበር፤ አንድም ቀን ሲሳሳት አላየሁም። ጎረቤቶቻችን መጀመሪያ ሳቁ፣ በኋላ ግን አንዳንዶቹ የገንፎውን መዝሙር ስንት እንደሆነ በእኔ በኩል ያስጠይቁ ጀመር።

በዐቢይ ጾም ሥራው ከበደ። አባባ እየጾመ ስለሚያበስል መቅመስ አይችልም፤ እኔ ገና ጾም ስላልጀመርኩ ምላሱ ሆንኩ። ከባቄላ ዱቄትና ከሱፍ ተሠርቶ በሰናፍጭ የሚብላላውን ስልጆ በጭልፋ አቅርቦልኝ «ጨው?» ይላል፤ እኔም እንደ ትልቅ ሰው ዓይኔን ጨፍኜ፣ አስቤበት እፈርድ ነበር።

በጾሙ አጋማሽ ለምለም ታመመች። ትኩሳቱ በለቀቃት ጊዜ ክንዷን ብለካ ጣቶቼ ተገናኝተው፣ ጭራሽ ተደራረቡ። ለማንም ሳልናገር ከቤቱ ጀርባ ሄጄ አለቀስኩ። አባባ ግን አይቷል። በየቀኑ ከቅዳሴ ሲመለስ፣ እሱ ውኃ እንኳ ሳይቀምስ፣ ያለችንን አንዲት ላም አልቦ የገብስ አጥሚት በወተት ይሠራላታል፣ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ እፍ እያለ ያጠጣታል። ሆሣዕና ሲደርስ ለምለም ዶሮ ማባረር ጀመረች።

ፋሲካ በዋለ በሳምንቱ አክስቴ አህያ እየነዳች መጣች። አህያዋ ላይ የመጨረሻ ልጇ ሙሉ ተቀምጣለች። ስትመለስ እኔና ለምለም እንደምንቀመጥባት ገብቶኝ ከካሳ ጀርባ ተደበቅሁ። አክስቴ አንድ በአንድ እየጎተተች ጉንጫችንን ቆነጠጠች፣ ክንዳችንን ጨበጥ አደረገች፣ የለምለምን ሆድ መታ መታ አደረገች።

አባባ ገንፎውን በገበታ አቀረበ፤ መሀሉ ላይ በርበሬና ቅቤ፣ ዙሪያውን እርጎ። ሙሉ ማንንም ሳትጠብቅ፣ ጣቷ እየተቃጠለ ጎረሰች፤ አሁን ታቆማለች ስንል አላቆመችም። እናቷ «ይብቃሽ» ስትላት እጇ ላይ የቀረውን ላሰች። ያን ጊዜ ሁላችንም የሙሉን የከሳ ክንድ አየን። ለካ በዝቋላ በዚያ ዓመት ማሽላው ፍሬ ሳይዝ ደርቆ ኖሯል፤ አክስቴ ግን ለማንም ትንፍሽ አላለችም። አባባ እኅቱን ቀና ብሎ ሳያይ ለሙሉ ጨመረላት።

በማግስቱ ጠዋት አክስቴ ደጃፉ ላይ ቆማ ነጠላዋን ስታስተካክል ብዙ ቆየች።

«ሁለት ልወስድ ነበር የመጣሁት» አለች። «አንድ ልተውልህ ወይ?»

«ወፍጮው ለምዶኛል እትዬ» አላት አባባ። «አሥር መዝሙር ብጨምር ነው።»

አክስቴ መስቀሉን ተሳለመች፤ ቀጥላም፣ ታላቁ ሆና ሳለች፣ የምድጃ ጥቀርሻ ያልለቀቀውን እጁን ሳመችው። አህያዋም በእኛ ፈንታ ገብስና ባቄላ ተጭና ቁልቁል ወረደች። በዚያ ቀን የኮራሁትን ያህል ከዚያ በኋላ ኮርቼ አላውቅም።

ሙሉ አራተኛችን ሆና አደገች። ዛሬ እሷም የልጅ ልጅ አይታ፣ የማን ልጅ ነሽ ሲሏት «የቄስ አረጋ» ነው የምትለው። እኔ ከተማ ገብቼ ከኖርኩ ብዙ ዘመን ሆነኝ። ማዕዴ ከያኔው ይበልጥ ይሞላል፤ ዘይቱ ከሱቅ፣ ስንዴው ከማላውቀው አገር ይመጣል፣ ልጆቼም ጠግበው ያድራሉ፣ ለዚህም ተመስገን እላለሁ። ግን ከምንበላው ውስጥ ማን እንደዘራው፣ ማን እንደፈጨው፣ ማን እንዳበሰለው የማውቀው ጥቂት ነው። ያኔ ሦስቱንም አውቃቸው ነበር፤ አንድ ሰው ነበሩ።