የዳይሬክተሩ ስልክ የተነቀለበት ማክሰኞ

በሆስፒታሉ ሁሉም «እትዬ ሞደም» ይላታል። እሷም ትስቃለች እንጂ አትቆጣም። ዕድሜዋን በስልክ ጥገና ያሳለፈች፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መነጽሯን የምትፈልግ ሴት ናት።

ሆስፒታሉ የአጥንት ሐኪም ስለሌለው ራጁን ሩቅ ከተማ ላሉ ሐኪም በኮምፒውተር ይልካል። የሚሄደው ግን ኮምፒውተሩን ከስልክ በሚያገናኘው መሣሪያ፣ በሞደም፣ በአንድ የስልክ መስመር ነው፤ አንዱ ራጅ አንድ ሰዓት ይፈጃል።

«ማፍጠን አይቻልም፤ መደመር ግን ይቻላል» አለች ለዳይሬክተሩ። «እዚህና እዚያ ያሉት መሣሪያዎች መጀመሪያ ይተዋወቃሉ፤ ከዚያ ምስሉን ቆራርጠው፣ ለየቁራጩ ቁጥር ሰጥተው፣ ባገኙት መስመር ሁሉ ይልኩታል። ወዲያ ማዶ በቁጥሩ ይገጣጠማል።»

«መስመሩስ ከየት ይመጣል?»

«አንዱ የፋክሱ ነው፤ ፋክሱ ከሞተ ቆየ። ሌላው እዚህ ጠረጴዛዎ ላይ ያለው ነው።»

ዳይሬክተሩ ስልካቸው ላይ እጃቸውን ጫኑ። «የፋክሱን ውሰጂ። ይሄን እርሺው።»

የፋክሱ መስመር ሠራ ሲሉት ይቋረጣል። ሁለት ቀን ሽቦውን በየኮሪደሩ ተከትላ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ደረሰች። መስታወት የተሰቀለበት ምስማር ሽቦውን ወግቶታል።

«እና ፀጉሬን የት ላበጥር ነው?» አለች አጣቢዋ።

«አንድ ስንዝር ወደ ቀኝ፣ እናቴ።»

ከዚያ ወዲህ አንድ ሰዓቱ ግማሽ ሰዓት ሆነ።

ማክሰኞ ጠዋት አንድ ግንበኛ ከመወጣጫ ወድቆ መጣ። እግሩ ተሰብሯል፤ ጣቶቹ መቀዝቀዝ ጀምረዋል። ተረኛዋ ሐኪም እዚሁ ታክመው ወይስ ወደ ሌላ ሆስፒታል ትላከው፣ ቶሎ መወሰን አለባት፤ የሚላኩት ራጆች ደግሞ ሦስት ናቸው። ዳይሬክተሩ መጥተው ኮምፒውተሩ ላይ ምን ያህሉ እንደተላከ የሚያሳየውን፣ የሚንፏቀቀውን ቁጥር ቆመው አዩ። ወደ ቢሯቸው ሄዱ። ሲመለሱ ስልካቸውን ታቅፈውት ነበር።

«ነቅዬዋለሁ። መስመሩ ያንቺ ነው።»

እትዬ ሞደም የጀመረችውን ሳታቋርጥ ሦስተኛውን መስመር ጨመረች። ቁጥሩ መሮጥ ጀመረ። የሩቁ ሐኪም መልስ ከምሳ በፊት ደረሰ፦ «እዚሁ ይታከም፣ እንዲህና እንዲህ ተደርጎ።»

እግሩ ተረፈ። በሳምንቱ ልትጠይቀው ስትገባ ግንበኛው ቀና አለ።

«እግሬን ቆራርጠሽ ላክሽው አሉ፤ እውነት ነው?»

«ፎቶውን ነው» አለችው ወንበር እየሳበች።

«እሱስ ይሁን» አለና ብርቱካን አቀበላት።