በአንድ ኮከብ ምክንያት ሽንዲ ድረስ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓቢይ ጾም ነው። ባሰብኩት ቁጥር ልቤ እንደዚያን ቀን ትመታለች፤ ደግሞም ብቻዬን ያስቀኛል። መጻፍ ልማዴ አይደለም። ይህን ሳልናገር ብቀር ግን የተቀበልኩትን በረከት እንደ መደበቅ ይሆንብኛል።

የምንኖረው ፍኖተ ሰላም ነው። ልጄ ሐና ኮምፒውተር ተምራ ሥራ ስታጣ እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም፤ በስልክ የሚጫን አፕ ሠራች። «የጾም ደወል» አለችው። የዕለቱን በዓል ይናገራል፤ በጾም ቀን ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ ይደውልና በራሷ በሐና ድምፅ «የጾም ሰዓትዎ ተፈጽሟል፤ ማዕድ ይቅረቡ» ይላል። ድምፁን ስትቀዳ የጎረቤት ዶሮ እየጮኸባት ደጋግማ ጀመረችው። እኔ ከጎኗ ዳዊቴን እደግም ነበር።

ሰው ወደደው። ብዙዎች ጫኑት።

ጾሙ ሲገባ ግን ነገር ተበላሸ። ሰዎች ከአፑ ሥር አስተያየት ይጽፋሉ፤ ከአምስት ኮከብም የፈለጉትን ያህል ይሰጣሉ። አንድ ኮከብ የሚሰጠው ሰው በዛ። ያለ ሰዓቱ ይጮኻል ይላሉ። ሐና በራሷ ስልክ ትሞክረዋለች፤ በእኔም፣ በእህቷም ትሞክረዋለች፤ በሰዓቱ ይደውላል። ስሕተቱ ከየት እንደሆነ ጠፋት።

ከሁሉ የከበዳት ከሽንዲ የተጻፈው ነበር። የጻፉት ወይዘሮ ያልጋነሽ የሚባሉ ሴት ናቸው። ሐና አነበበችልኝ።

«ሽንዲ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከኪዳን በኋላ ሰባኪው ስለ ጾም ሲያስተምሩ፣ ገና በጠዋቱ በሦስት ሰዓት፣ ይህ ጉድ ከጉያዬ ጮኾ ማዕድ ይቅረቡ አለ። ሕዝቡ ሁሉ ዞሮ አየኝ። አሁን በሰፈሩ ስሜ ‹ማዕድ ይቅረቡ› ሆኗል። መድኃኔዓለም ይይላችሁ።»

ሐና እንደሚጻፈው አድርጋ መለሰች። ውድ ደንበኛችን፣ ለተፈጠረው ችግር ይቅርታ እንጠይቃለን፣ እባክዎ ስልክዎን አጥፍተው ያብሩት አለች። በማግሥቱ ወይዘሮ ያልጋነሽ ከዚያው ላይ ጨመሩበት። «አጥፍቼ አበራሁት። ጉሮሮው አርፎ ነው መሰል ጩኸቱ ባሰበት።»

ሐና መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥሎ አለቀሰች። ከዚያ ኮምፒውተሯን ዘጋችው። አፑን ከነጭራሹ አጥፍታ አዲስ አበባ ሥራ ልትፈልግ መሆኗን ነገረችኝ።

«እማ፣ ሰው አስጾማለሁ ብዬ ሰው አዋረድኩ» አለች።

ስንት ቀንና ሌሊት የደከመችበት ነው። እንዲጠፋ አልፈለግሁም። ግን ከዚያ በፊት የከነከነኝ ሌላ ነበር። አንዲት ክርስቲያን በሱባኤው መካከል አዝናብናለች። ነገሯን ለመድኃኔዓለም ሰጥታለች። እኛ ደግሞ «ውድ ደንበኛችን» ብለናታል። በእኛ አገር ያስቀየሙትን ሰው ደጁ ድረስ ሄደው ነው ይቅርታ የሚሉት።

ነገ ሽንዲ እንሄዳለን አልኳት። የምቀልድ መሰላት። ቤታቸውን አናውቅም፣ እንዲህ ያለ ነገር የትም አይደረግም፣ አስተያየት የጻፈ ሰው ሁሉ ቤት ይኬዳል ወይ እያለች ተከራከረችኝ። ልብስ ሰፊዋ ያልጋነሽ ካልን ማንም ያሳየናል አልኳት።

«ማጥፋት ካለብሽም ይቅር ከተባልሽ በኋላ አጥፊው።»

ጎህ ሲቀድ ተነሳን። እስከ ቡሬ በአንድ መኪና፣ ከቡሬ ሽንዲ በሌላ። ሐና መንገዱን ሁሉ ኮምፒውተሯን ጭኗ ላይ አቅፋ ሄደች። እኔ ደግሞ የምናገረውን በልቤ ሳሰናዳ ነበር፤ አንዱንም ኋላ አላስታወስኩትም።

ሽንዲ ወርደን አንድ ባለ ጋሪ ጠየቅን። ወይዘሮ ያልጋነሽ ስንለው ሳቀ።

«ማዕድ ይቅረቡን ነው? ከወፍጮው አለፍ ብሎ ነው።»

የሐና ፊት ጠቆረ።

ወይዘሮ ያልጋነሽን ከሱቃቸው በር ላይ የስፌት መኪናቸውን እየረገጡ አገኘናቸው። በዕድሜ ከእኔ ጥቂት ያንሳሉ። ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ላነሳ ጎንበስ ስል ሐና ቀድማኝ አነሳችው። የኔ ነው እማ ብላ ማጅራቷ ላይ አደረገችና ከሴትዮዋ ፊት አጎነበሰች።

«እመቤቴ» አልኩ፣ «ከስልክዎ የሚጮኸው ድምፅ የዚች ልጅ ነው። ስለ መድኃኔዓለም ይቅር ይበሏት።»

መኪናው ቆመ። እኔን አዩ፤ ሐናን አዩ።

«ከየት ነው የመጣችሁት?»

«ከፍኖተ ሰላም።»

«ከፍኖተ ሰላም? ለአንድ ኮከብ?» ተነስተው ድንጋዩን ከማጅራቷ አነሱት። «ይቅር ለእግዜር። ቀና በይ ልጄ። እኔ እኮ ፈረንጅ የሠራው መስሎኝ ነው እንዲያ ያዋረድኩት። የጎጃም ልጅ መሆንሽን ማን ነገረኝ?»

ጉንጯን ሳሟት። እኔ እንባዬ መጣ። አስገብተው አስቀመጡንና ስለ መንገዱ ይጠይቁን ጀመር። በዚህ መካከል ከጨርቁ ክምር ሥር አንድ ነገር ጮኸ። «የጾም ሰዓትዎ ተፈጽሟል፤ ማዕድ ይቅረቡ።» የሐና ድምፅ ነው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው።

«ይኸውልሽ» አሉ ወይዘሮ ያልጋነሽ። «ሌላው ነገሩ ደግ ነው፤ በዓላቱን አይስትም። ስለዚህ አላጠፋሁትም። ቤተ ክርስቲያን ግን ይዤው አልሄድም።»

ሐና ጨርቁን ገልጣ ስልኩን አነሳች። አየችው። ደግማ አየችው። ከመቀመጫዋ ብድግ አለች።

«እትዬ ያልጋነሽ፣ ይህን ሰዓት ማን ሞላው?»

«እኔ ነኛ። ስገዛው የፈረንጅ ነበር። ጠዋት በሦስት ሰዓት ዘጠኝ ይለኛል፤ ዕድሜ ልኬን ሳሰላ ልኑር? ሦስት አልኩት፤ ተገላገልኩ።»

ሐና ግንባሯን ይዛ ሳቀች። እስከዚያች ሰዓት እንዲህ ስትስቅ ካየኋት ቆይቼ ነበር። እኔ እስኪገባኝ አስረዳችኝ። አፑን የሠራችው ስልክ ሁሉ በፈረንጅ ሰዓት ይሄዳል ብላ ነው። የእኛ ዘጠኝ በፈረንጅ ሦስት ስለሆነ፣ አፑ ስልኩ ከቀትር በኋላ ሦስት እስኪል ጠብቆ ይደውላል። የወይዘሮ ያልጋነሽ ስልክ ደግሞ በእጅ ስለተሞላ ሦስት የሚለው በእኛው ሦስት ነው፣ በጠዋቱ። ጠዋትና ከሰዓትን የምትለየዋን ትንሽ ምልክት ማን ያያታል? የእኔንና የእህቷን ስልክ የሞላችው ራሷ ሐና ናት። ቤታችን ሆና ዓመት ብትፈልገው አታገኘውም ነበር።

ወዲያው ወደ ጎረቤት ሱቆች ሮጠች። ከበሩ ሆኜ ሳያት ከጸጉር አስተካካዩ ወደ እህል ነጋዴዋ፣ ከእሷ ወደ ባለ ጋሪው ትዞራለች፤ የሁሉንም ስልክ ትለምናለች። እያለከለከች ተመለሰች።

«እማ፣ ሁሉም በእጁ ነው የሞላው።»

ወይዘሮ ያልጋነሽ የጀመሩትን ቀሚስ አንስተው ጠረጴዛቸውን ለቀቁላት። ሐና ኮምፒውተሯን ከፍታ አፑን ታርም ጀመር። አፑ ሲከፈት አስቀድሞ ሰዓቱን እንዲጠይቅ አደረገችው። ጥያቄውን ለወይዘሮ ያልጋነሽ አሳየቻቸው። ረጅም ነበር።

«ይህን አንብቤ እስክጨርስ ቅዳሴ ይወጣል፤ አሳጥሪው» አሏት።

አሳጠረችው። «አሁን ጠዋት ነው?» ብቻ ሆነ። ወይዘሮ ያልጋነሽ «አዎ» የሚለውን ነኩ። አፑም ሰዓቱ በእጅ የተሞላ መሆኑን ዐውቆ ራሱን አስተካከለ።

ያለቀልን መስሎኝ ነጠላዬን ሳጣፋ ወይዘሮ ያልጋነሽ ከበሩ ላይ ቆሙ። እንደሱ አይሆንም አሉ። እሳቸው ይቅር ብለዋል፤ ግን ስማቸው የጠፋው በቤተ ክርስቲያን ስለሆነ እዚያው ይመለስ አሉ። እውነታቸውን ነው። ሐና ግን ፈራች። በኮምፒውተር ልክ መሆኑና በእርግጥ በዘጠኝ ሰዓት መደወሉ አንድ አይደለም አለች።

ቅዳሴ ሊገባ ሲል ሄድን። ስልኩን ለበር ጠባቂው አደራ ሰጥተን ገባን። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ያን ቀን ሐሳቤ ግማሹ ከበር ጠባቂው ጋር ነበር።

ቅዳሴው አልቆ ሕዝቡ ጠበል እየጠጣ በዐፀዱ ቆሟል። ወይዘሮ ያልጋነሽ ስልካቸውን ተቀብለው ከመካከል ገቡና ከፍ አድርገው ያዙት። ሰው ይጠቃቀስ ጀመር። አንዷ፣ ማዕድ ይቅረቡ ዛሬም መጡ ስትል ሰማኋት።

«ቆዪ እቴ፣ ገና ነው» አሏት ወይዘሮ ያልጋነሽ ሳይቆጡ።

ሐና ክንዴን ጨብጣ ይዛኛለች። እኔ እመብርሃንን እጠራለሁ። ሰባኪው ነገሩ ምን እንደሆነ ሊያዩ ቀረብ አሉ። ስልኩ ዝም ብሏል።

ጮኸ። «የጾም ሰዓትዎ ተፈጽሟል፤ ማዕድ ይቅረቡ።»

ሰባኪው የእጅ ሰዓታቸውን አዩ። ዘጠኝ ነው።

«ዛሬስ ከእኛ ጋር እኩል ጨረሰ» አሉ።

ዐፀዱ በሳቅ ሞላ። አንዲት እናት እልል አሉ። ወይዘሮ ያልጋነሽ ሐናን ከፊት አቁመው፣ ያን ቀን ጥፋቱ የማን እንደነበር ንገሪልኝ አሏት። ሐና እያፈረች ተናገረች። ስትጨርስ ሰባኪው እጃቸውን ከካባቸው ሥር አግብተው ስልካቸውን አወጡ፤ የእኔንም እስቲ እዪው አሏት። እሳቸውም በእጃቸው ነበር የሞሉት። ከዚያ በኋላ ስማቸውን የሚያጣምም አልተገኘም ብለውኛል ወይዘሮ ያልጋነሽ።

ያን ቀን ማዕድ የቀረብነው ወይዘሮ ያልጋነሽ ቤት ነው።

ሐና አፑን አላጠፋችውም፤ አዲስ አበባም አልሄደች። አሁን «ውድ ደንበኛችን» ብላ አትመልስም። ከየት ነዎት፣ ስልክዎን የሞላው ማን ነው ብላ ትጠይቃለች። ሰውም ይመልስላታል፤ አንዳንዱ እየተቆጣ፣ አንዳንዱ እየመረቀ።

እኔ ዛሬም የማመሰግነው ስለዚያች ሴት ቁጣ ነው። ዝም ብለው አፑን ያጠፉት ስንት እንደሆኑ እግዚአብሔር ያውቃል። እሳቸው ግን ተቆጥተው ነገሩን። ያልተነገረንን በምን እናስተካክለው ነበር?

ባለፈው ሳምንት ወይዘሮ ያልጋነሽ ለሐና ስልክ ደወሉ። ድምፃቸው ከሩቅ ይሰማኝ ነበር።

«ሐና፣ ቡሬ ላይ አንድ የተናደደ ሰው አግኝቼልሻለሁ። ሳይበርድለት ቶሎ ነይ።»

ሐና እየሳቀች ተነሳች። እኔም ነጠላዬን አነሳሁ።