አስታማሚ በሌለበት ሰዓት

ለምርምር ገንዘብ የለም ይባላል። አለ። ለነርሶችም፣ «ቤተሰብ ተኮር እንክብካቤ» ለሚባለውም ነገር ገንዘብ ሲመጣ በዓይኔ አይቻለሁ፤ አንድ ጊዜ እኔ ኪስም ገብቷል። የጎደለው ሌላ ነው።

ባለፈው ሳምንት አንድ ወዳጄ አማርኛውን አቃናልኝ ብሎ ሰነድ ላከልኝ። ነርሶችና የታካሚ ቤተሰቦች አብረው ስለሚሠሩበት መንገድ የሚያጠኑ ሰዎች የገንዘብ ድጋፍ እንዲያገኙ የሚጋብዝ ጥሪ ነው። ተባባሪ የሚባሉት ሁሉ እዚሁ አዳማ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ ተሰብስበው ይወያዩበታል። የአዳማ ሰው በስብሰባ አይደነቅም፤ ከተማችን ነፋስ፣ አቧራና ዐውደ ጥናት ጠፍቶባት አያውቅም። «ማጎልበት» እና «ማጠናከር» የሚሉትን ቃላት እየሰረዝኩ ሰባተኛው ገጽ ደረስኩ። እዚያ ላይ መረጃው የሚሰበሰበው በሥራ ቀናት ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት ነው ይላል። እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ።

ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ ስላላስገባኝ ቤት ተቀምጫለሁ። ሥራዬ ያገኘሁትን መጽሐፍ ሁሉ ማንበብና ያየሁትን ሰው ሁሉ መናቅ ነበር። አቶ መስፍን የሚባል የአዲስ አበባ ሰው መጠይቅ የሚሞሉ ወጣቶች ሲፈልግ ተቀጠርኩ። ጥናቱ ሆስፒታል የተኙ ሰዎችን ቤተሰባቸው ምን ያህል ይንከባከባቸዋል የሚል ነው። ውጤቱ ታይቶ፣ ነርሶችና አስታማሚዎች አብረው የሚሠለጥኑበት ገንዘብ ይለቀቃል ተባልን።

ሚያዝያ ነው፤ በልጉ ዘግይቶ መሬቱ ነጭ ሆኗል። ወደ ሆስፒታሉ ስንሄድ ቆቃ ላይ የተጠበሰ ዓሣ በጋዜጣ ጠቅልለው በመኪናው መስኮት አቀበሉን። ዓሣውን ከጋዜጣ ላይ ሲበሉት የቀለሙ ጣዕም ጣት ላይ ይቀራል፤ ከዚያ ወዲህ ያነበብኳቸው ብዙ ጋዜጦች ያን ያህል ጣዕም አልነበራቸውም። መቂ ላይ ቲማቲም በእንጨት ሳጥን ተደርድሮ ፀሐይ ይመታዋል። የወረድንባትን ከተማ ስም አልጠራም። ሆስፒታሉ ዛሬም አለ፣ ሰዎቹም ክፉዎች አልነበሩም።

የወንዶቹ ክፍል ኃላፊ ሲስተር ፋጡማ ነበረች፤ ወሎ ተወልዳ አርሲ ያደገች፣ ስትራመድ ነጠላ ጫማዋ የሚጮህ ሴት። ከአስተዳደሩ ጋር የተጣላችው በአንድ ጉዳይ ነው። ሐኪም በሚዞርበት ሰዓት ለእያንዳንዱ በሽተኛ አንድ አስታማሚ አልጋው አጠገብ ይቁም፣ ቤቱ ሲወስደው እንዴት እንደሚይዘው በዓይኑ አይቶ ይማር ትላለች። አስተዳደሩ ጥናቱ ይውጣና እናያለን ብሏታል። ስለዚህ እንደ ደረስን ሻይ አስመጥታ አስተናገደችን። «ይኼ ወረቀታችሁ ነው የሚፈርድልኝ» አለች።

የሆስፒታሉ ሥርዓት እንዲህ ነው። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ጥበቃው፣ ጋሽ ተፈራ፣ በዱላው የአልጋውን ብረት እያንኳኳ አስታማሚውን ያስወጣል። አስታማሚዎቹ ሳህናቸውንና ፔርሙዛቸውን ይዘው እስከ ስድስት ሰዓት አጥር ጥግ ይቀመጣሉ። ሁልጊዜ የመጨረሻዋ ወጪ አዴ ጫልቱ ነበረች። ከዝዋይ ማዶ፣ ከሽንኩርት ማሳ የመጣች ሴት ናት። ባሏ ገመዳ ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ብሎት፣ ምላሱም ተይዞ ተኝቷል። እሷ ከአልጋው ሥር እያደረች ታገላብጠዋለች።

«ጋሽ ተፈራ፣ አንተ የታመምክ ቀን ማን ሊያገላብጥህ ነው?» ትለዋለች።

«እኔ አልታመምም፤ ጊዜ የለኝም» ይላል ሰውየው፣ ሳይስቅ።

እነሱ በዚያ በር ሲወጡ እኛ በዚያው በር እንገባለን። መጠይቁ ላይ «በአሁኑ ሰዓት ከታካሚው አጠገብ የቤተሰብ አባል አለ?» የሚል ጥያቄ አለ። የለም። ቀጣዩ አልጋ፣ የለም። በመስኮቱ እየታዩኝ፣ አጥሩ ጥግ ሽሮ በእንጀራ ሲጠቀልሉ እያየሁ፣ የለም እያልኩ ምልክት አደርጋለሁ።

በሁለተኛው ቀን ለአቶ መስፍን ነገርኩት። ከሰዓት በኋላ ብንመጣ ክፍሉ ሁሉ ቤተሰብ ነው አልኩት። ከሰዓት በኋላ ለመኪናው ሌላ መርሐ ግብር እንደተያዘለት አስረዳኝ። ደግሜ ስጠይቀው ትዕግሥቱ አለቀ።

«አንተ ሙላ እንጂ አትመራመር» አለኝ። «ከአስታማሚዎቹም ጋር ወሬ እንዳትጀምር። ጥናቱን ያበላሻል።»

በአራተኛው ቀን ሲስተር ፋጡማ አልነበረችም። ስለ ቤተሰብ ተሳትፎ የሚወያይ ስብሰባ አዳማ ላይ ተጠርታ ሄዳለች። እኔ የገመዳ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ መናገር ለማይችለው ሰው ጥያቄ እያነበብኩ «መልስ የለም» እያልኩ ስሞላ አንድ ወጣት ሐኪም መጣ። ዛሬ ትወጣለህ አለው። ቀጠለና ማድረግ ያለበትን ሁሉ ነገረው። ምግብ ስትወስድ ቀና ብለህ ተቀመጥ፤ ውኃም ሾርባም በቀጭኑ አትጠጣ፣ ይወፍር፤ በትንሽ ማንኪያ፣ በደህናው ጎን፤ ካለበለዚያ ወደ ሳንባ ይገባል አለ። በደንብ ነው የተናገረው፣ ምንም አላጎደለም። ገመዳ ጣራውን ያያል። ሐኪሙ ፈርሞ ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈ። ሰምቶ ሊያስታውስ የሚችል ሰው በዚያ አልጋ አጠገብ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ስወጣ በሩ ላይ ጋሪ ቆሟል። ገመዳን አንጋለው ጭነውታል። አዴ ጫልቱ መጠይቁን እጄ ላይ አይታ የሆስፒታሉ ሰው መሰልኳት መሰለኝ፣ ክንዴን ያዘችኝ።

«ያ ጉርባ፣ አንተ ልጅ፣ ውስጥ ነበርክ። ማል ጄዴ? ሐኪሙ ምን አለ?»

አቶ መስፍን መኪናው ውስጥ ሆኖ ያየኛል።

«ሲስተር ሲመጡ ይጠይቋቸው» አልኳት።

«ሲስተር መቼ ትመጣለች?»

«ነገ።»

«እኛ ዛሬ ነው እኮ የምንሄደው።»

ክንዴን ለቀቀችኝ። ፔርሙዟን ከፍታ አጥሚት በክዳኑ ቀዳች። እንደ ውኃ ቀጭን ነው። ጭንቅላቱን ትንሽ ደገፍ አድርጋ፣ እንደተጋደመ አጠጣችው። ሳለ። አፉን በነጠላዋ ጠረገችለትና ደግማ ሰጠችው፣ በፍቅር፣ ቀስ ብላ። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። አማርኛ ደግሞ የሚያቅተኝ ሰው አልነበርኩም። ጋሪው ሄደ፤ እኔም መኪናው ውስጥ ገባሁ።

ሐምሌ ላይ ውጤቱ አዳማ አንድ አዳራሽ ውስጥ ቀረበ። አቶ መስፍን የቤተሰብ ተሳትፎ እጅግ ዝቅተኛ መሆኑን አነበበ፣ ቤተሰቦች ግንዛቤ እንደሚያንሳቸውም ጨመረ። ሲስተር ፋጡማ ተነሳች። «እናንተ በምትመጡበት ሰዓት የምናስወጣቸው እኛው ነን» አለች። እሱ «እኔ የማቀርበው መረጃው ያለውን ነው» አላት። ዞር ስትል ከኋላ ወንበር አየችኝ።

«ይኸው ልጁ እዚህ አለ። ንገራቸው እስቲ፤ አይተህ የለም ወይ?»

አዳራሹ ሁሉ ዞረ።

«እኔ የሞላሁት የተጠየቅኩትን ነው» አልኩ።

አንዳንዱ ፈገግ አለ፣ አንዳንዱ ልክ ነው ብሎ ራሱን ነቀነቀ። እሷ ተቀመጠች።

ምሳ ሰልፍ ላይ አጠገቤ ቆመች። ትቆጣኛለች ብዬ ስጠብቅ ስለ ገመዳ አጫወተችኝ። በሁለተኛው ሳምንት ተመልሶ ገብቷል፤ ምግቡ ወደ ሳንባው ሄዶ ነው። በሦስተኛው ቀን ሞተ። አዴ ጫልቱ ምን እንዳጠፋች ደጋግማ ትጠይቃት እንደነበር ነገረችኝ። ሐኪሙ የተናገረውን እኔ ሰምቼ እንደነበር ሲስተር አታውቅም፤ እኔም አልነገርኳት። ከዚያ ጥብስና ጎመን ወሰድኩ፤ በላሁም። ይህን ስጽፍ ምግቡ አልወርድ አለኝ ብዬ ላሳምረው ፈልጌ ነበር፤ ወርዷል።

ገንዘቡ ተለቀቀ። ለቤተሰቦች ግንዛቤ የሚያስጨብጥ በራሪ ወረቀት ታተመበት። ወረቀቱ በየክፍሉ የታደለው ጠዋት ነው። ሲስተር ፋጡማ የጠየቀችው ግን አልተፈቀደላትም፤ ጥናቱ እንደሚለው ጠዋት የሚመጣ ቤተሰብ የለም።

እኛ ሰው ቤተሰቡን አይጥልም እያልን ራሳችንን ስናሞግስ እሰማለሁ። እውነት ነው፣ አይጥልም። ጫልቱም አልጣለችም። አጥሚቱን የሰጠችው ስለምትወደው ነው፤ ፍቅር ብቻውን ማንኪያ እንዴት እንደሚያዝ አያስተምርም። የሚያውቀው ሰውና የሚያደርገው ሰው አንድ አልጋ አጠገብ ሩብ ሰዓት አብረው እንዲቆሙ ማድረግ ምንም ጥናት የሚፈልግ አይመስለኝም ነበር። ይፈልጋል ከተባለም እሺ፣ ይጠና፤ ግን የሚጠኑት ሰዎች በሚገኙበት ሰዓት ይጠና።

ለወዳጄ ሰባተኛው ገጽ ዳር ላይ ይህንኑ ጻፍኩለት። መጠይቁ ሲዘጋጅ ነርሶቹና አስታማሚዎቹ አብረው ይቀመጡ፣ ሰዓቱንም እነሱ ይምረጡ አልኩ። ማታ ደወለልኝ። «አማርኛውን ነው እኮ ያልኩህ» አለ፣ እየሳቀ። ሰነዱ እንደነበረ አልፏል፤ የሚቀጥለው ወር ይሰበሰቡበታል።

ስለዚህ እነሱን ትቼ እርስዎን እጠይቃለሁ። በሽተኛዎን ከሆስፒታል ሲያወጡ፣ እንዴት እንደሚያበሉት፣ እንዴት እንደሚያገላብጡት ለእርስዎ ራስዎ ያሳዩዎት። በእጅዎ ሠርተው እስኪያዩት ድረስ ከአልጋው አጠገብ አይነሱ፤ ውጡ ቢሉዎትም አይውጡ።