ለድኩላው የታጨው ጠመንጃ

አባቴ ሁለት ጠመንጃ ነበረው። አንዱን ይወደዋል፣ በሌላው ያፍርበታል። የሚወደው ምንሽሩን ነው፤ ረጅም፣ ሰደፉ በቅቤ እየተወለወለ የሚያብረቀርቅ፣ ግድግዳው ላይ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል አጠገብ የሚሰቀል። የሚያፍርበት ደግሞ ጓንዴው ነው፤ አፈሙዙ ድሮ ተቆርጦ ያጠረ፣ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ፣ የተሰነጠቀ ሰደፉ በጠፍር የታሰረ አሮጌ ነገር። ጓንዴውን ለእናቴ ያወረሷት አባቷ ናቸው። አባቴ በስሙ ጠርቶት አያውቅም፤ “የአማቴ ዱላ” ነበር የሚለው። ቦታውም ከበር ኋላ፣ ከመጥረጊያው ጎን ነበር።

ጊዜው የደርግ ነው። እኔ ደብረ ታቦር ከተማ አስተምር ነበር፤ ቅዳሜና እሑድን ግን ወደ እብናት በሚወስደው መንገድ በእግሬ ወርጄ ወላጆቼ ቤት ነው የማሳልፈው። ከቤታችን በታች ቁልቁለቱ ላይ የባቄላ ማሳ አለ። ከማሳው በታች ደግሞ ሰው ጎንበስ ሳይል የማይገባበት ጥቅጥቅ ያለ ጫካ አለ፤ በዚያ ጫካ አንድ ወንድ ድኩላ ይኖር ነበር። ባቄላው እሸት ካፈራ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ወጥቶ እንደ ቤተሰብ ቁርሱን በልቶ ይገባል። እናቴ እየጮኸች ታባርረዋለች፤ እሱ የጀመረውን አኝኮ ሲጨርስ ይሄዳል።

በዚያው ሰሞን የቀበሌያችን የገበሬ ማኅበር ትእዛዝ አወጣ። ለአንድ ቤት የሚፈቀደው አንድ መሣሪያ ብቻ ነው፤ ቤት የሚቀረው በቅጽ ይመዘገባል፣ ትርፉ ለማኅበሩ ይሰጣል። ቅጹ በሦስተኛው ሳምንት ሰኞ መመለስ አለበት። ለምን እንደተማርኩ ለወላጆቼ በደንብ የገባቸው ያን ቀን ይመስለኛል፤ ቅጹን ከነእስክርቢቶው እጄ ላይ አስቀመጡት።

አባቴ አላመነታም። “ምንሽር ብለሽ ጻፊ” አለኝ።

እናቴ ከጓዳ ወጣች። “ባቄላዬን ማን ሊጠብቅልኝ ነው?”

“ምንሽሩ ነዋ! ከዚህ ተኩሶ ማዶ ተራራ ላይ ያለውን ይጥላል።”

“ማዶ ተራራ ላይ ባቄላ የለንም” አለች እናቴ።

የእኔ ልብ ከአባቴ ጋር ነበር። እውነቱን ለመናገር ምንሽሩ ግድግዳችንን ያሳምረው ነበር፤ እኔም ከከተማ እንግዳ ይዤ ስመጣ እኮራበታለሁ። የአባቴ ነገር ግን ከዚያ ይጠልቃል። በእኛ አገር ሰው የሚባል ሰው ሲሞት፣ ለቅሶው ላይ ልብሱና ጠመንጃው አደባባይ ላይ ይቆማል፤ አልቃሹም ወደዚያ እያየ ያሞግሰዋል። አባቴ ለዚያ ቀን ልብሱን ለይቶ ካስቀመጠ ቆይቷል።

“ስሞት ያንን ዱላ ሊያቆሙልኝ ነው?” አለ፤ በአገጩ ወደ በሩ ኋላ እያመለከተ። “ሰው እኮ ለቅሶዬ ላይ ይስቅብኛል!”

ሞቱን ሳይሆን የሰውን ሳቅ እንደሚፈራ ያኔ ገባኝ። እናቴ ግን ጆሮ አልሰጠችውም።

“አንቱ የሚሞቱት አንድ ቀን ነው፤ ባቄላዬ የሚበላው ግን በየቀኑ ነው።”

ለሽምግልና የተጠራው አጎቴ ነበር፤ የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ አጥር የሚያዋስነን ጎረቤት፣ ደግሞም የሰፈሩ አዳኝ። ሁለቱንም ጠመንጃ በየተራ እጁ ላይ መዘነ፤ ትከሻው ላይ አስደግፎ ቤት ውስጥ ዞረባቸው። በምንሽሩ ሲዞር የእናቴን እንስራ ሊሰብረው ለጥቂት ተረፈ።

“ወንድም ጋሼ” አለ፣ “ጫካ ውስጥ ድኩላ ከአሥር እርምጃ ወዲያ አይታይም። ሲታይም ለቅጽበት ነው። እዚያ የሚፈለገው ሩቅ የሚመታ አይደለም፤ ቶሎ ወደ ትከሻ የሚመጣ፣ ቅርንጫፍ የማይነካ አጭር ነገር ነው። ይህን ረጅም አዙረው እስኪያነጣጥሩ ድኩላው ወልዶ ልጁን ይድራል።”

አባቴ ተቆጣ። ሲቆጣ ደግሞ መሐላ ይቀናዋል። በመጪው ቅዳሜ ምንሽሩን፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ጓንዴውን ይዞ እንደሚወርድ፣ ድኩላውን የጣለው ጠመንጃም በቤቱ እንደሚቀር ተናገረ።

“ማርያምን ይበሉ” አለች እናቴ።

“ማርያምን!” አለ አባቴ። ሁለተኛው ቅዳሜ ይመጣል ብሎ ጨርሶ አላሰበም።

ሴት አደን አትወጣም ይባላል፤ እኔ ግን ተፈለግሁ። ድኩላውን ከታች እየጮኸ ወደ አባቴ የሚነዳ ሰው ያስፈልግ ነበር፤ አጎቴም “ሃምሳ ተማሪ ዝም የምታሰኝ እያለች ሌላ ምን እንፈልጋለን?” አለ። እንዲህ ሆኖ የመንግሥት ደመወዝተኛዋ ቅዳሜ ጠዋት ጫካ ውስጥ እንጨት በእንጨት እየመታሁ ስጮኽ ተገኘሁ።

አባቴ ለሠርግ እንደሚሄድ ለብሶ ነው የመጣው። ተፈሪ ሱሪውን ታጥቋል፣ ዝናሩን ታጥቋል፣ ምንሽሩን አዲስ ቅቤ ቀብቶታል። ድኩላው የሚያልፍበት ጠባብ መተላለፊያ አጠገብ፣ ከአንድ ትልቅ ወይራ ትይዩ ቆመ። እኔና አጎቴ ከታች ጮኽን። ቁጥቋጦው ተንኮሻኮሸ፤ ድኩላውም ከአባቴ ስምንት እርምጃ በማይሞላ ቦታ ላይ ብቅ አለ።

አባቴ ጠመንጃውን ሲያዞር አፈሙዙ ሐረግ ውስጥ ገባ። ሳበው፤ ሐረጉም መልሶ ሳበው። እንደ ምንም አስለቅቆ ሲተኩስ ጥይቱ ወይራው ግንድ ላይ ተቀረቀረ። እኔ እንዳየሁት ድኩላው አልደነገጠም፤ ቆም ብሎ አባቴን ከእግር እስከ ራሱ አየውና ወደ ጫካው ገባ።

አጎቴ ሮጦ ደረሰ። ዛፉን ዞሮ አየው፣ የጥይቱን ቀዳዳ በጣቱ ዳሰሰ። “ደም የለውም፣ ወንድም ጋሼ፤ ግን ጥሩ መትተውታል” አለ። ከዚያ ዱላውን ወደ ሰማይ ወርውሮ እየቀለበ በአባቴ ስም ፎከረ፦

“ገዳይ! ወይራ ገዳይ!”

እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ወሬው ቀድሞን ደርሷል። “ወይራው እንዴት ነው? ተሻለው?” እያሉ የሚጠይቁት ትልልቅ ሰዎች ነበሩ። አባቴ ሳምንቱን ሙሉ ጥይቱ እርጥበት ገብቶበት ነው፣ ጸሐይ ዓይኑ ላይ ወድቃ ነው ሲል ከረመ። በዚያ ጫካ ውስጥ ጸሐይ ከየት እንደመጣች የጠየቀችው እናቴ ብቻ ናት።

ሁለተኛው ቅዳሜ ደረሰ። አባቴ ዝናር አልታጠቀም፣ ተፈሪ ሱሪውንም አላደረገም። ጓንዴውን ጎረቤት እንዳያየው ጋቢው ውስጥ ደብቆ፣ ሆዱን እንዳመመው ሰው ጎንበስ ብሎ ወረደ። እኛ ከታች ጮኽን። አንድ ጊዜ ብቻ ተኮሰ፤ ከዚያ ጸጥ አለ።

ስንደርስ ድኩላው ከወይራው ሥር ወድቋል። አጎቴ ነፍሱ ሳትወጣ ልድረስበት ብሎ “በስመ አብ” እያለ በካራው ባረከው። አባቴ ጓንዴውን መልሶ ጋቢው ውስጥ ከትቶ፣ ድኩላው በራሱ ሕመም የሞተ ይመስል ወዲያ እያየ ቆሟል።

“ይፎክሩ እንጂ!” አለው አጎቴ።

“በዚህ?” አለ አባቴ።

ሥጋውን ተሸክመን ስንገባ እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው። አባቴ ግን እንዳዘነ ነበር። መደብ ላይ ተቀምጦ ምንሽሩን ቀና ብሎ ያየዋል፣ ያቀረቅራል፣ ደግሞ ያየዋል። ሳምንት ሙሉ የሳቅኩበት ሰውዬ አንጀቴን በላው። በዚያ ሰዓት ማኅበሩንም፣ ቅጹንም፣ ያስተማረኝን ትምህርት ቤትም ጠላሁ።

እሑድ ከሰዓት ቅጹን ዘረጋሁ። መጀመሪያ የተሸነፈችው እናቴ ናት። አባቴን አይታ አይታ፣ “ከፈለጉስ ምንሽሩ ይቅር” አለች። “ባቄላውን እኔ እጠብቃለሁ። ማርያምም ብትሆን መሐላዎን ይቅር ትላለች።”

እናቴ ያን ሰሞን ከጩኸቷ ብዛት ድምፅዋ ተዘግቶ ነበር፤ ይህን የተናገረችውም በዚያ በተዘጋ ድምፅ ነው። አባቴ ያን ጊዜ ያየው እሷን ነው፣ ግድግዳውን አይደለም።

“ጓንዴ ብለሽ ጻፊ” አለኝ።

“አባባ፣ ለቅሶውስ?” አልኩት።

“እኔ የምሞተው አንድ ቀን ነው” አለና ጋቢውን ተከናነበ።

ጻፍኩት። የመሣሪያው ዓይነት፦ ጓንዴ። ሁኔታው ከሚለው ጎን “ሰደፉ የተሰነጠቀ” ብዬ ልጽፍ ስል አባቴ ከጋቢው ውስጥ፣ “ደህና ነው በይ!” አለኝ። ደህና ነው አልኩ። ያን ጠመንጃ ሲያመሰግን የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ሰኞ ጠዋት ምንሽሩን እንደገና ቅቤ ቀባው፣ በነጭ ነጠላ ጠቀለለው፣ ራሱ ተሸክሞ ለማኅበሩ ሰጥቶ መጣ። እናቴ ያን ቀን አንድም ቃል አላሾፈችበትም። የድኩላውን ሁለት ቀንዶች ግን ምንሽሩ ከነበረበት ቦታ ላይ አስቸነከረችና ጓንዴውን እነሱ ላይ ሰቀለችው። ከቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ጎን፣ ከመጥረጊያው ርቆ።

አባቴ ከዚያ በኋላ አራት ክረምት ኖረ። ሌሎች ድኩላዎች መጡ፤ ጥቂቶቹን በላን፣ የቀሩት ምክር ሰሙ። ባቄላችን ግን እስኪታጨድ ድረስ ይቆም ጀመር።

ለቅሶው ላይ ያን ለይቶ ያስቀመጠውን ልብስ አወጣን። ካባው ወንበር ላይ ተዘረጋ፣ ጓንዴው አጠገቡ ቆመ፤ አልታይም አለ። ከወንበሩ መደገፊያ እንኳ ያጥራል። ሰው ማንን እያየ እንደሚያለቅስ ግራ ገባው። አጎቴ ወደ ቤት ሮጦ ገብቶ በርጩማ ይዞ መጣና ጓንዴውን እሱ ላይ አቆመው። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። አባቴ የፈራው ሊደርስ ነው አልኩ።

አጎቴ በለቅሶው መሐል ወጣ። እንደ ደንቡ ወንድሙን ሊያሞግስ እጁን አነሣ፦

“ገዳይ!” አለ፤ ድምፁ ተሰበረ። “ወይራ ገዳይ!”

መጀመሪያ ከወደ ኋላ አንድ ሽማግሌ ሳቁ። ከዚያ እነዚያ “ተሻለው?” ሲሉ የነበሩት ሁሉ፣ እንባቸው ጉንጫቸው ላይ እንዳለ፣ ሳቁ። እናቴም ሳቀች። ሳቋን ሳትጨርስ ተነሥታ ወደ በርጩማው ሄደች፤ የጓንዴውን የተሰነጠቀ ሰደፍ በጥቁር ነጠላዋ ጫፍ ወለወለችውና እንደ ሙሾ አውራጅ ጮክ ብላ፣ አባቴ እንደሚሰማት ሁሉ ተናገረችው።

“አንድ ቀን ነው ያልኩዎት እኔ ነኝ። ይኸው ቀኑ መጣ፤ ምነው አልመሽ አለኝ?”